ኮድ ያልመጣላቸው

ቅዳሜ ጠዋት ጭሮ፣ እናቴ ግቢ፣ ቧንቧው አጠገብ ልብስ እያጠብኩ ሳለሁ ስልኬ ጢን አለ። እጄ ሳሙና ስለነበር ተውኩት። መልሶ ጢን አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ተበሳጭቼ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አነሳሁት። ሦስት መልእክት ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ። «የይለፍ ቃልዎን ለመቀየር ይህን ቁጥር ይጠቀሙ፤ ለማንም አይስጡ» ይላል። እኔ የይለፍ ቃል ልቀይር አላልኩም። የማጥበው አንሶላ ነው።

አራተኛው ዐይኔ እያየ ገባ። አምስተኛው ተከተለ። በመልእክቶቹ ላይ የሰዎች አድራሻ ተጽፏል፤ የሥራ አስኪያጃችን፣ የሹፌራችን፣ የሂርናዋ ነርስ። የሆነ ሰው፣ የት እንዳለ የማላውቀው ሰው፣ የባልደረቦቼን በር በተራ እያንኳኳ ነበር። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች፤ እኔን ግን በረደኝ። 

በሩን ያሳየሁት እኔ ስለሆንኩ ከመነሻው ልናገር።

የምሠራው በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ በተሰማራ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነው። ቢሮአችን ጭሮ ነው፤ ሂርና፣ መሰላና ሚኤሶም ሰዎች አሉን። እኔን ጨምሮ አሥራ አራት ነን። የሥራ መደቤ ስም ረጅም ነው፤ ሰዉ ግን «ኮምፒውተሯ» ይለኛል። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ እኔ እጠራለሁ፤ መብራት ሲጠፋም እኔ እጠራለሁ፣ ያጠፋሁት ይመስል።

ድረ ገጽ ይኑረን ተባለና አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ሠራልን። ለእያንዳንዳችንም በማኅበሩ ስም የኢሜይል አድራሻ ሰጠን። ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ጠርቼ የይለፍ ቃል ምረጡ ብል ማን ይመርጣል? አንዱ «አንቺ ታውቂያለሽ» ይላል፤ ሌላው የመረጠውን ከደጅ ሳይደርስ ይረሳዋል። ሹፌራችን ሁለቴ ረስቶ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ትዕግሥቴ አለቀ። «በቃ! የሁላችሁም የይለፍ ቃል የገዛ ስልክ ቁጥራችሁ ነው» አልኩ። ቁጥሩን የሚረሳ የለማ! የይለፍ ቃል የጠፋበት ሰው ኮድ የሚላክለት በየትኛው ስልክ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ፣ ሰዉ ኔትወርክ በሌለበት መስክ ስለሚውል፣ የሁላችንንም በእኔ ቁጥር ሞላሁት። ሥራውን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ። ኮራሁም።

ከዚያ ገጹ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው መጣ። ሥራ አስኪያጃችን የመሰላ ሰው ናቸው፤ ለጡረታ የተቃረቡ፣ ድምፃቸውን የማያነሡ። የቢሮአችን ግድግዳ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ የሁላችንም ስም፣ የሥራ ድርሻና ስልክ ቁጥር ተዘርዝሮ ተለጥፎበታል። ሚስቱን ምጥ የያዛት ሰው መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ሰሌዳውን አንብቦ ይደውላል። ስንት ሴት በዚያ ሰሌዳ ተርፋለች። «ድረ ገጹንም እንደ ሰሌዳው አድርጊው» አሉኝ።

ገጹን የሠራልን ባለሙያ ግን በስልክ አስጠንቅቆኝ ነበር። «ስልክ ቁጥሩን ተዪው። ኢሜይሉንም በግልጽ አትጻፊው። ሌት ተቀን ከገጽ ገጽ እየዞረ አድራሻ የሚለቅም ፕሮግራም አለ፤ ያቺን የኢሜይል ክብ ምልክት በሁለት ቃል መሀል ካየ ለቅሞ ይሄዳል፣ ለማንም ይሸጠዋል። ወይ ምልክቷን አውጥተሽ በፊደል 'አት' ብለሽ ጻፊ፣ ወይ አድራሻውን እንደ ሥዕል ለጥፊው። ከሁሉ የሚሻለው ሰው መልእክቱን የሚሞላበት ቅጽ አድርገሽ አድራሻውን ከኋላ መደበቅ ነው» አለኝ።

እኔም አድራሻዎቹን በሥዕል ለጠፍኩ። ሳምንት አልቆየም። ከሂርና ተደወለ፤ «አልቀዳ አለን» አሉ። ከመሰላ ተደወለ፤ «ስንጫነው ምንም አይልም» አሉ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄ፣ ሰው አድራሻ ስጡን አለን እንጂ ሥዕል አምጡልን አለ እንዴ?» አሉኝ። ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ደሜ ይፈላል። ባለሙያው የነገረኝን በደንብ ላስረዳቸው እችል ነበር፤ አላስረዳሁም። ቢሮዬ ገብቼ በሬን ድርግም አድርጌ፣ የአሥራ አራታችንን ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል አንድ ባንድ በግልጽ ጻፍኩ። «ይኸው፣ ጥገቡ» አልኩ በሆዴ።

ኢሜይሉን፣ ከጎኑ ደግሞ ስልክ ቁጥሩን። ስልክ ቁጥሩ የይለፍ ቃሉ ነው። በሩን አሳይቼ ቁልፉን ከጎኑ የሰቀልኩት በገዛ እጄ ነው፤ ያን ቀን ግን በእልህ ታውሬ አልታየኝም። ጉድ እኮ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ኮተት ብቻ ነበር። የማናውቀው አገር መድኃኒት፣ ያልቆረጥነው ሎተሪ፣ ውርሷን ለእኛ ልታወርስ የምትለምን ባልቴት። በሻይ ሰዓት እየተነበበ ይሳቅ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በአማርኛ መጣ። ሰላምታው የተስተካከለ፣ የሥራ ድርሻዬን ሳይቀር የሚያውቅ፣ «የተከበሩ እህታችን» የሚል። ክው አልኩ። የባዕድ አገር ኮተት ያስቃል፤ በራስህ ቋንቋ ስምህን ሲጠራህ ግን ሌላ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ሳሳያቸው «ሰርዢው» አሉ። ሰረዝኩት። ገጹን ግን አልነካሁትም፤ አሁንም እልህ ይዞኝ ነበር።

አሁን ስለ አዋላጃችን ልናገር፤ ፍርሃቴ ሁሉ ስለ እሷ ነውና።

ከጎጃም ተመድባ የመጣች የማኅበራችን አዋላጅ ነርስ ናት። እናቴ ግቢ ከጓሮ በኩል ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይታ ሦስት ዓመት ኖራለች። እናቴ ተከራይ ማለቱን ከረሳች ቆይታለች፤ እሷ ሳትበላ ምሳ አይቀርብም። የአዋላጇ ኦሮምኛ ሰባራ ነው። ምጥ ላይ ላለች ሴት «ዲቢ! ዲቢ!»፣ ግፊ፣ ግፊ ለማለት የተማረችውን ቃል ዶሮ ስታባርርም ትለዋለች፤ እናቴ በሳቅ ትሞታለች። እኔ ችኩል ነኝ፣ እሷ ቀሰስተኛ። ጠዋት አብረን ስንወጣ ጫማዋን ስትቋጥር እየጠበቅኩ «ተነቃነቂ እንጂ!» እላታለሁ። ቢሮ ሆኜም በኢሜይል እጽፍላታለሁ፤ «እማ ዳቦ ይዛችሁ ኑ ብላለች፤ ተነቃነቂ እንጂ!»

አንዴ ከመሰላ አንዲት ወላድ በአምቡላንስ ይዛ ስትመጣ ሴትየዋ መንገድ ላይ እጇን እንደጨበጠች ሞታባታለች። ሆድ የሚቀድ ባለሙያ ቅርብ ቢኖር ትተርፍ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቧ የተሰቀለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሄዳ ቀዶ ሕክምናውን መማር። ማመልከቻዋን ቁጭ ብዬ አብሬያት የጻፍኩት፣ ከዚያ አድራሻ የላክሁላት እኔ ነኝ። መልስ እየጠበቀች ነበር።

ከዚያች ቅዳሜ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ጠባይዋ ተለውጦ ነበር። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ስታልፍ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋኝ ትሮጣለች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም! ምንም አላልኩም!» ትላለች እየሳቀች። ወንድ ወደደች ብዬ ጠረጠርኩና ተውኳት።

ወደ ቧንቧው ልመለስ። ኮዶቹ መምጣት ሲያቆሙ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው። አዲስ አበባ ላለው ባለሙያ ደወልኩ። «ሁሉንም ሰረቁን!» አልኩት።

«ቆይ፣ ተረጋጊ» አለኝ ባለሙያው። «ኮዱ የመጣላቸው ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን ቀይረውት ነበር?»

አሰብኩ። አዎን፣ ቀይረውታል። የእኛ ሰው ሌባ አይፈራም፣ ባልደረባውን ግን ይፈራል፤ እርስ በርስ ስልክ ቁጥራችንን ስለምናውቅ፣ «እገሌ ደብዳቤዬን እንዳያይ» እያለ ሁሉም በየጊዜው እየመጣ አስቀይሮኛል። ሹፌራችን እንኳ ሚስቱን ፈርቶ ቀይሯል።

«እንግዲያው ደህና ናቸው» አለኝ። «ሰውዬው ስልክ ቁጥራቸውን ሞክሮ አልከፈት ሲለው ነው 'ረሳሁት' ብሎ ኮድ ያስላከው። ኮዱ ደግሞ አንቺ ጋ ቀረ። በሩ የተከፈተለት ሰው ግን ኮድ ምን ይሠራለታል? ኮድ ያልመጣላቸውን ነው መፍራት ያለብሽ።»

ስልኩን ሳልዘጋው ባልደረቦቼን በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ናቸው። ለአሥራ ሁለቱ ኮድ መጥቷል። ያልመጣላት አንዲት ናት። የይለፍ ቃልሽን ቀይሪ ስላት «አንቺ የሰጠሽኝን ለምን ብዬ?» ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ቀና ስል የአዋላጇ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

እናቴን ጮኼ ጠራኋት። «የት ሄደች?»

«ማለዳ ወጣች» አለች እናቴ ከቤት ብቅ ብላ። «አዲሱን ጫማ አድርጋ። ያንን ሰማያዊ ፋይል በክንዷ ይዛ። ምነው? ማል ታቴ? ፊትሽ አመድ መሰለ!»

ሰማያዊው ፋይል ውስጥ ያለው የትምህርት ማስረጃዋ ነው፤ ኦርጅናሉ፣ ዲግሪዋና የሙያ ፈቃዷ። ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደገምኩ፤ ዝግ ነው። ስልኬ ላይ የእሷን የኢሜይል መግቢያ ከፍቼ፣ በእጄ ጣት፣ በቃሌ የማውቀውን ስልክ ቁጥሯን አስገባሁ። ያለ ምንም ክርክር ተከፈተ። እንዲህ ነው የገባው፤ ልክ እንዲህ፣ እንደ እኔው። የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ዐይኔን የሳበው ደብዳቤ ለማመልከቻዋ የተሰጠ መልስ ይመስላል። እንኳን ደስ አለሽ ይላል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኦርጅናል ማስረጃሽን ይዘሽ ሚኤሶ፣ ከአስፋልቱ ዳር ጎማ ቤቶቹ አጠገብ ጠብቂ፤ ነጭ መኪና መጥቶ ወደ ምዝገባው ይወስድሻል፤ ስልክሽን እስከዚያ ዝጊው፤ ይላል። ከላዩ ሌላም ደብዳቤ ነበረ፤ ለማንበብ ግን ዐይን አልነበረኝም። ሚኤሶ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ከዚያ ተነሥቶ አንድ ሰው የት እንደሚገባ ማን ያውቃል? ከእኛ አካባቢ በዚያ በኩል ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች ስም እያንዳንዱ ቤት አለ።

ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ፣ እጄ ላይ ሳሙናው እንደደረቀ ወጣሁ። እናቴ ከኋላዬ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ስትል ይሰማኛል።

አንድ ባጃጅ መናኸሪያ አደረሰኝ። የሚኤሶው ሚኒባስ ቆሟል፤ አልሞላም። ረዳቱ «ሚኤሶ! ሚኤሶ! ሁለት ሰው!» ይላል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰው። ሁለት ሰው ማለት እኮ ሩብ ሰዓትም ግማሽ ቀንም ሊሆን ይችላል። ከተማው በሙሉ ተሰልፎ ሚኤሶ የማይሄድ መሰለኝ። ፖሊስ ጋ ደወልኩ፤ ያነሣው ሰው ስሟን፣ መልኳን ጠየቀኝና «እናሳውቃለን» አለ። ለማን፣ መቼ? ያን ጊዜ ሳላስበው ጮኼ ማልቀስ ጀመርኩ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ለሾፌሩ «ሂድ በቃ፣ ልጅቷ ጭንቅ ላይ ናት» አሉት። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና ሞተሩን አስነሣ። ጭሮ መናኸሪያ ሳይሞላ የወጣ መኪና ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ እየመጣ፣ ሰው መስኮት እየከፈተ፣ እኔ ደጋግሜ እደውልላታለሁ። ዝግ ነው። በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ነጭ መኪና ይታየኛል። አገሩ ሁሉ የሚነዳው ነጭ መኪና ነው ለካ! ባልታሰበ ሰዓት የእናቷ ድምፅ መጣብኝ፤ ጎጃም ያሉት እናቷ በበዓል ቀን በስልክ «አደራ ልጄን» ብለውኝ ነበር። «ምን ሥራ አለብኝ፣ ከእኔ ጋር እኮ ናት» ብዬ መልሼላቸው ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይህን ተረት ስንት ጊዜ በሰው ላይ ተርቼበታለሁ። ያን ቀን ወደ እኔ ዞረ።

ሚኤሶ ስደርስ አሸዋማ ነፋስ ይነፍሳል። ግመሎች አስፋልቱን እያቋረጡ ስለነበር መኪናው ቆመ፤ እኔ አልጠበቅኩም፣ ወርጄ በመሀላቸው ሮጥኩ። ጎማ ቤቶቹ ጋ ስደርስ ከአንድ የከባድ መኪና ጎማ ክምር አጠገብ፣ ጥላ ሥር፣ አዲስ ጫማዋን አቧራ እንዳይነካው እግሯን ሰብስባ ቁጭ ብላለች። ሰማያዊው ፋይል ጭኗ ላይ ነው።

ልጠራት አፌን ስከፍት ነጭ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

እሷ ፈገግ ብላ ተነሣች። ሰውዬው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በሙሉ ስሟ፣ ከነአባቷ ስም ጠራት። ደርሼ ክንዷን ያዝኩ። ፋይሉን ከእጇ መንጭቄ ደረቴ ላይ አጣበቅኩት። «አትገቢም!» አልኳት።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። አልደነገጠም። ጥሩ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጢሙን የተላጨ፣ ባንክ ቤት ብታገኘው ወንበር የምትለቅለት ዓይነት ሰው ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳቅ ብሎ «አንቺ ኮምፒውተሯ ነሽ አይደል?» አለኝ።

ይህን ሰው አይቼው አላውቅም። እሱ ግን ያውቀኛል። በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ፈርቼ አላውቅም። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከሆዴ የወጣው የአባቴ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። «ሀቱ! ሀቱዳ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሌባ ነው! እነዚያ ጎማ ጠጋኞች ከነመዶሻቸው ቀና አሉ። አንዱ «ማል ታኤ?» ብሎ ምን ተፈጠረ እያለ ወደ እኛ መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሰውዬው መስኮቱን ዘጋ። መኪናው አቧራ አንሥቶብን ወደ አስፋልቱ ወጣና ሄደ። ታርጋውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ዐይኔን እንባ ሞልቶት ስለነበር አልቻልኩም።

አዋላጇ ግን በእኔ ተቆጥታ ነበር። «ምን እያደረግሽ ነው?» ትላለች። «ዕድሌን አበላሸሽው!» ሁሉንም ነገርኳት፤ ኮዱን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ገጹን። እየሰማችኝ ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ። ጎማ ጠጋኞቹ ውሃ ሰጧት። ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ነፍሴ መለስ ብላለች። ልጅቷ ተገኝታለች፣ ፋይሏ እጇ ላይ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እሷ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ዳገቱን ስንጀምር ስልኳን አብርታ አንድ ነገር ፈለገችና ያለ ቃል ሰጠችኝ።

ጠዋት ሳላነበው ያለፍኩት፣ ከላይ የነበረው ደብዳቤ ነው። «እህቴ፣ የመጣልሽን ደብዳቤ አይቼዋለሁ፣ እውነተኛ ነው። ቤት ውስጥ ግን ምንም እንዳታነሺብኝ፤ እማ ከሰማች ትሄጃለሽ ብላ ታለቅሳለች። እስክትመለሺ በመሀላችን ይሁን። ኦርጅናሉን አትርሺ። ተነቃነቂ እንጂ!»

የመጣው ከእኔ አድራሻ ነው።

አሥራ አራት ነበርን። ኮድ ያልመጣላቸው ሁለት ነበሩ። የሰውን ሁሉ የይለፍ ቃል ስቀይር የከረምኩት እኔ፣ የራሴ እስከዚያች ቀን ድረስ ስልክ ቁጥሬ ነበር። በጣቴ ስቆጥር ራሴን አልቆጠርኩም። ሰውዬው ሳጥኔ ውስጥ ገብቶ ለእሷ የጻፍኩትን ሁሉ ቁጭ ብሎ አንብቧል፤ እናቴን ምን ብዬ እንደምጠራት፣ ስቸኩል ምን እንደምል ተምሯል። ከዚያ በእኔ አፍ ሂጂ ብሏታል። ያ ሁሉ ጣት ከንፈር ላይ፣ ያ ሁሉ መቆንጠጥ፣ ምስጢሩን አብሬያት የያዝኩ መስሏት ነው።

«ሌላ ሰው ቢጽፍልኝ አላምንም ነበር» አለችኝ። «ግማሽ ቀን አስቤበታለሁ። ያንቺ ሲመጣ ነው የተነሣሁት።»

ስልኳን መልሼ ሰጠኋት። ግቢ ስንገባ እናቴ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቅፋ በሁለት ቋንቋ ስታለቅስና ስትሳደብ፣ መሀል ላይ ክንዶቻችን ተነካኩ፤ እሷ ክንዷን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ ሳልደብቅ ተናገርኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሥዕሉን አስነሥቼ አድራሻውን በግልጽ ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «አይደለም፣ እኔ እርስዎን ላስረዳ ይገባኝ ነበር» አልኳቸው። ከዚያ ፈርተው ነው መሰለኝ፣ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ያለውንም ዝርዝር ሊገነጥሉ ሄዱ። ለመንኳቸው። ሰሌዳውን የሚያነበው እግሩ እኛ በር ድረስ የመጣ፣ ፊቱን የምናየው ሰው ነው፤ እሱ ይቆይ አልኩ። ከገጹ ላይ ግን ስልኩንም ኢሜይሉንም አወጣሁ። በምትኩ ሰው መልእክቱን የሚሞላበት ቅጽ አስቀመጥኩ፤ አድራሻችን ከኋላ ቀረ። የሂርናዋ ነርስ ደውላ «አድራሻው የለም» ስትለኝ አልተቆጣሁም። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት።

ያን ቀን ባልደረቦቼ እየመጡ፣ ራቅ ያሉትም በስልክ፣ የይለፍ ቃላቸውን ቀየሩ፤ ኮድ የሚላክበትንም በየራሳቸው ቁጥር አደረግን። የራሴን ከሁሉ በፊት ቀየርኩ። ሹፌራችን እንኳ አልቀለደም። በመጨረሻ አዋላጇ መጣች። ድሮ ብትሆን በሩ ላይ ሆና ቁጥሯን ጮክ ብላ ትነግረኝ ነበር፣ እኔ ልጻፍላት።

ወንበሩን ለቀቅኩላትና አጠገቧ ቆምኩ። እጆቿን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ ምጥ ላይ ያለችን ሴት በምታባብልበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ «ፊትሽን አዙሪልኝ» አለችኝ።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ውጭ ባጃጆች ዳገቱን ይወጣሉ። ከኋላዬ ፊደሎቹ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ ሲጫኑ ይሰማኛል። ረጅም ነበር።

«ጨረስኩ» አለች። «መዞር ትችያለሽ።»

ወዲያው መዞር አልቻልኩም።